በብርድ ጠዋት አልዘጋ የሚል የጋራዥ በር፦ ሴንሰሩን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲገባ የጋራዤ በር ጠዋት ጠዋት አልዘጋ ይለኛል። ሪሞቱን ስጫን ትንሽ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እኩለ ቀን ላይ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይዘጋል። በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ሴንሰሮች በጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ፣ ለውጥ የለም። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። እኩለ ቀን ላይ የሚሠራ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ብርዱ የነካው ሌንሱን፣ ሴንሰሩ የታሰረበትን ብረት ወይም ገመዱን ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በሩ እንቢ ባለበት ሰዓት ነውና ምርመራውን ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ ያድርጉት።

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የሴንሰር መሆኑን ይለዩ። የግድግዳውን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ ይያዙ፤ በሩን በዓይንዎ እየተከታተሉ። ብዙዎቹ ሞተሮች ቁልፉ ተይዞ ከቆየ የሴንሰሩን ምልክት አልፈው እንዲዘጉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በሩ እስከ ወለሉ ከወረደ ችግሩ ሴንሰሩ ጋ ነው። ወለል ነክቶ ወይም መሐል መንገድ ላይ ተመልሶ ከወጣ ግን ሴንሰሩን ይተዉት፤ የበሩ ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በረዶ ጋግሯል፣ ወይም በሩ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ጎማዎች ላይ ያለው ግሪስ በብርዱ ጠጥሯል።

ቀጥሎ ሁለቱ ሴንሰሮች ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ይመልከቱ። አንደኛው ሴንሰር የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጨረሩ ከተቋረጠ ሞተሩ በሩ ሥር ሰው ወይም ዕቃ አለ ብሎ አይዘጋም። የላኪው መብራት የሚነግርዎ ኤሌክትሪክ እንደደረሰው ብቻ ነው። የተቀባዩ መብራት ሳይርገበገብ ከበራ ጨረሩን እያየ ነው። የመብራቶቹ ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል። ሁለቱም ከጠፉ በቀጥታ ወደ ገመዱ ይሂዱ። ላኪው በርቶ ተቀባዩ ከጠፋ ወይም ከተርገበገበ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሁሉንም በአንዴ ከነካኩ በሩ ቢሠራ እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቁም፣ በሚቀጥለው ብርድም ከዜሮ ይጀምራሉ።

አንደኛው ሌንሱ ነው። መኪናው በረዶ ተሸክሞ ሲገባ በረዶው ይቀልጣል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ሌሊት አመዳይ ይሆናል። ከመንገድ የሚመጣው ጨው ደግሞ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን በቀን ብርሃን አይታይም፤ ጨረሩን ግን ይበትነዋል። ደረቅ ጨርቅ ጨውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም፤ የእርስዎ መጥረግ ለውጥ ያላመጣው በዚህ ሊሆን ይችላል። ክር የማይለቅ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ይጥረጉ፤ አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ውሃ ግን እዚያው ይጋግራል። የፈላ ውሃ አያፍስሱ፣ በቢላም አይፋቁ፤ ሌንሱ ፕላስቲክ ነው፣ አንዴ ከተጫረ መልሶ አይጠራም። ጉሙ ከሌንሱ በስተውስጥ ከሆነ ማሸጊያው አልቋልና መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚንቀው ይህን ነው። ብረት ሲበርደው ይኮማተራል። 2 ሜትር የሚሆን የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲወርድ የሚያጥረው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሴንሰሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ ጨረሩ 5 ሜትር ርቆ ሲደርስ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ለመፈተሽ የሴንሰሩን መያዣ ብረት በጣትዎ ትንሽ ገፋ ያድርጉ። የተቀባዩ መብራት ከመጣ ጥፋቱን አገኙት። ከሁለቱም በኩል ከወለሉ እኩል ከፍታ ይለኩ፣ ከአንዱ ሴንሰር ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥረው በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ የተቀባዩን ዳዶ ላላ አድርገው መብራቱ ረግቶ እስኪበራ ያዙሩትና ያጥብቁ። በመጨረሻ በሩን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ፤ መብራቱ ከተርገበገበ መያዣው ሐዲዱ ላይ ታስሮ ከበሩ ጋር እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው። መያዣውን ወደ ግድግዳው ማዛወር ለዚህ አስተማማኙ መላ ነው። ሲያዛውሩ ግን በረዶ እንዳይደርስበት ብለው ከፍ አያድርጉት። ከወለሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ወለል ላይ የተኛ ሕፃን ከጨረሩ በታች ይቀራል።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። የገመዱ ፕላስቲክ በብርድ ይደርቃል፣ በተለይ ሚስማር አጥብቆ የያዘው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ሴንሰሩ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ጨዋማ እርጥበት ይገባና መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ገመዱን ቀስ ብለው ሲያወዛውዙ መብራቱ ከበራና ከጠፋ ነገሩ ግልጽ ነው። ካልለየልዎ ሞተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሁለቱንም ሴንሰሮች ፈትተው በግማሽ ሜትር አዲስ ገመድ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ ያገናኙ፣ ፊት ለፊት አስተያይተው ያስቀምጡና ሶኬቱን ይመልሱ። ሁለቱም መብራቶች እዚያ ረግተው ከበሩ ሴንሰሮቹ ደህና ናቸው፤ የሚቀየረው ግድግዳው ላይ ያለው ገመድ ነው። ይህ ሙከራ ለምርመራ ብቻ ነው። ሴንሰሮቹን ጣሪያ ሥር አፋጥጦ ትቶ በሩን መጠቀም ሰው ይገድላል፤ በፍጹም አያድርጉት።

ሲጠግኑ አረንጓዴ የሆነውን መዳብ ቆርጠው ይጣሉ፣ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪያገኙ ወደ ኋላ ይላጡ። ባለ መስመሩን ሽቦ ከባለ መስመሩ፣ ሌላውን ከሌላው ያገናኙ። ናስትሮ በብርድ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ውስጡ ጄል ያለበት ማያያዣ ይጠቀሙ። ወደ ሴንሰሩ ከመግባቱ በፊት ገመዱን ዝቅ አድርገው እንደ ቀለበት ያንጠልጥሉት፤ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መጋጠሚያው አይወርድም።

በሩ እንቢ የሚለው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና ፀሐይ ስትወጣ ብቻ ከሆነ ደግሞ የክረምት ዝቅተኛ ፀሐይ ተቀባዩን ፊት ለፊት እየመታው ነው። ተቀባዩና ላኪው ቦታ ይለዋወጡ፣ ወይም ተቀባዩ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የቱቦ ቁራጭ እንደ ጥላ ይግጠሙ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ በፀጉር ማድረቂያ፣ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርገው፣ ከአንድ ክንድ ርቀት አንዱን ሴንሰር ለአንድ ደቂቃ ያሙቁት። ሌንሱ ንጹሕ፣ አቅጣጫው ትክክል፣ ገመዱም ጤነኛ ሆኖ ሲሞቅ ሠርቶ ሲበርደው ከጠፋ ውስጡ ያለው ብየዳ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ያኔ አዲስ ይግዙ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የሞተሩ ሽፋን ላይ በተጻፈው የሞዴል ቁጥር። የሌላ ሞተር ሴንሰር ገመዱ ቢገጥምም ምልክቱ ላይገጥም ይችላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ በሩ እየወረደ ሳለ ጨረሩን በረጅም እንጨት ይቁረጡት፤ ወዲያው ተመልሶ መውጣት አለበት። ቀጥሎ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በበሩ መሐል ወለሉ ላይ ጋደም ያድርጉና ይዝጉት፤ ጣውላውን ነክቶ መመለስ አለበት። ሁለቱንም ፈተና በመጀመሪያው የበረዶ ጠዋት፣ በሩ ሳይሞቅ፣ ይድገሙት።