መልስ፦ የሃሚንግበርድ ስኳር ውሃ ለምን ቶሎ ይደፈርሳል?

ሰላም እህቴ፣ ቨርጂኒያ ግቢሽ ውስጥ ለሃሚንግበርድ (የአበባ ማር ለምትቀስመው ትንሿ የአሜሪካ ወፍ) የሰቀልሽው መመገቢያ ውስጥ ያለው ስኳር ውሃ በሁለት ቀን ደፍርሶ ወፎቹ መምጣት አቆሙ ብለሻል። ጥፋቱ የጨመርሽበት ማር ነው። ማር በውሃ ሲቀጥን እንደ ጠጅ ጥንስስ ቶሎ ይፈላል፤ ሻጋታ ያበቅላል፣ ወፎቹንም ሊያሳምም ይችላል። ቡናማ ስኳርም ቀይ ቀለምም አይግባበት፤ የመመገቢያው ቀይ ፕላስቲክ ራሱ እነሱን ለመሳብ ይበቃል።

ልኩ 1 ኩባያ ተራ ነጭ ስኳር ለ4 ኩባያ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪሟሟ አማስዪው፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ቅጂው። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይልሻል።

ከልኩም በላይ ግን ወፎቹን የሚጠብቃቸው ማጠቡ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በየቀኑ፣ ቀዝቀዝ ሲል በየ3 ቀኑ ቀይሪው። በቀየርሽ ቁጥር ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብሩሽ ፈትጊ፤ ጥቁሩ ሻጋታ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነጠብጣብ ሆኖ የሚጀምረው እዚያ ውስጥ ነው። ከታየሽ በአቼቶ ዘፍዝፈሽ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቂው። የከሰዓቱ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይም ስቀዪው።

ጉንዳን ከመጣ ሽቦውን ዘይት እንዳትቀቢ፤ ላባቸው ላይ ከተጣበቀ አይለቅም፣ ወፏ ደግሞ የምትመዝነው 3 ግራም ገደማ ነው። ይልቅ ከመመገቢያው በላይ ውሃ የሞላ ትንሽ ጽዋ አንጠልጥዪ። አንዱ ወንድ ሌሎቹን የሚያባርር ከሆነ ሁለተኛ መመገቢያ እሱ በማያየው በቤቱ ሌላ ጎን ይሁን።

ሴፕቴምበር ሲያልቅ ለማውረድ አትቸኩዪ። መመገቢያው መኖሩ ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ከሚያደርጉት ጉዞ አያስቀራቸውም፤ ዘግይታ ለምታልፍ ወፍ ግን ስንቅ ይሆናታል።