«ለሳይካትሪ ልምምድ ውጭ አገር ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሐረር ላይ ሕክምና የምማር የሲ ቱ (የክሊኒካል ሁለተኛ ዓመት) ተማሪ ነኝ። የሳይካትሪ አታችመንታችንን (በሆስፒታል ክፍል ውስጥ የምንማርበትን ጊዜ) ጨርሰናል፤ ከተማርነው ሁሉ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ከመመረቄ በፊት አንድ ወር ያህል ውጭ አገር፣ ቢቻል እንግሊዝ ወይም አሜሪካ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ መለማመድ እፈልጋለሁ። አንድ አገናኝ ድርጅት «ቦታውንም ቪዛውንም እኛ እንጨርሳለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል። ሆስፒታሉ ውስጥ ምን እንደምሠራ ስጠይቃቸው ግን የረባ መልስ የላቸውም። አባቴ ድሬዳዋ ሱቅ አለው፤ «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ይላል። እናቴ ደግሞ «የአእምሮ ሐኪም ለመሆን እዚህ ምን ጎደለሽ?» ትለኛለች። ገንዘባቸውን በከንቱ ማስወጣት አልፈልግም። ከየት ልጀምር? ለወደፊቱ ስፔሻላይዜሽንስ ይጠቅመኛል?

ሀ.፣ ከሐረር

*

ውድ እህታችን ሀ.፣

ለድርጅቱ ገንዘብ አትስጪ። ምን እንደምትሠሪ ያልነገሩሽ ቦታው ስለሌለ፣ ወይም ያለው ኦብዘርቨርሺፕ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። በኦብዘርቨርሺፕ ከሐኪሙ ኋላ ቆመሽ ታያለሽ፤ በሽተኛ አታናግሪም፣ ካርድ ላይ አትጽፊም። ኢሌክቲቭ ግን የትምህርትሽ አካል ነው። በሱፐርቫይዘር ፊት ታሪክ ትወስጃለሽ፣ ኬስ ታቀርቢያለሽ፣ በመጨረሻም ተገምግመሽ ውጤት ትይዣለሽ። ሰርጀሪ ቆመው እያዩትም ትምህርት ይገኝበታል፤ ሳይካትሪ ግን የሚሠራው በጆሮና በአፍ ነውና በሽተኛ ሳታናግሪ የምታሳልፊው ወር ለዚያ ወጪ የሚበቃ አይደለም። ኢሌክቲቭ የሚሰጠው ለተማሪ ነው፤ ከተመረቅሽ የሚቀርልሽ በአብዛኛው ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአገሩ ስም በፊት ለተቀባዩ ክፍል የምትጽፊው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሱፐርቫይዘሬ ማን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ያየኛል? በሽተኛ ማናገር ይፈቀድልኛል?»

እናትሽ ያሉት ቁም ነገር አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ አስተማሪዎች እዚያው አዲስ አበባ የሠለጠኑ ናቸው። መጀመሪያ በዲን ቢሮ በኩል አዲስ አበባ ባለው የአእምሮ ሆስፒታል፣ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ፣ ሁለት ሳምንት እንድትቆዪ ጠይቂ። ፈቃድ ካገኘሽ ውጭ ይዘሽው የምትሄጂው ብርታት ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሁሉ ቀድሞ የሚጀመረው ክትባት ነው፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና። ሄፓታይተስ ቢ ሦስት ዶዝ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ከመጨረሻው መርፌ ከ1 እስከ 2 ወር ቆይተሽ የአንቲቦዲ መጠን ትመረመሪያለሽ፤ የሚፈለገው 10 mIU/mL ወይም ከዚያ በላይ ነው። ገና ካልጀመርሽ፣ ቢያንስ ሰባት ወር ከፊትሽ አለ ማለት ነው። ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ የሚሰጠው ክትባት ሁለት ዶዝ ሲሆን በመሀሉ ቢያንስ 28 ቀን ያስፈልጋል። የቲቢ ምርመራውን ደግሞ ከዚሁ ክትባት ጋር በአንድ ቀን አድርጊው፤ ካልሆነ አራት ሳምንት ጠብቂ፤ አለዚያ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። በልጅነትሽ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ከተወጋሽ የቆዳው ምርመራ በስህተት ፖዚቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የሚቀበልሽ ተቋም የደም ምርመራውን ይቀበል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ የዲኑ ደብዳቤ ነው። ተማሪ መሆንሽን፣ የትኞቹን አታችመንቶች እንደጨረስሽና ኢሌክቲቩ በትምህርት ክፍሉ የጸደቀ መሆኑን በግልጽ ማስፈር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስም ነው። በፓስፖርትሽ፣ በትራንስክሪፕትሽና በክትባት ካርድሽ ላይ ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ይጻፉ። «መሐመድ» አንዱ ላይ በኦ ሌላው ላይ በዩ ከተጻፈ፣ ሰነዱ የሌላ ሰው ይመስላቸዋል። የልደት ቀንሽም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። ማስተካከያ ካስፈለገ ሬጅስትራር ዘንድ አሁኑኑ ሂጂ።

እንግሊዝ ከሆነ፣ የምትፈልጊው እስከ 6 ወር የሚያስቆየው የጎብኚ ቪዛ ነው። ኢሌክቲቩ እዚያ ባለ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም መሆን አለበት፤ ክፍያ የለውም፤ በሽተኛ ማከምም አይፈቀድም። በሱፐርቫይዘር ፊት ምን ያህል መሳተፍ እንደምትችዪ በጽሑፍ አረጋግጪ። ከ6 ወር በታች ስለሆነ ለቪዛው የቲቢ ሰርተፊኬት አያስፈልግሽም። ከመሄድሽ በፊት እ.ኤ.አ. የ1983ቱን የእንግሊዝ የአእምሮ ጤና ሕግ አንብቢ፤ በክፍል 2 ሰው ለምርመራ እስከ 28 ቀን፣ በክፍል 3 ለሕክምና እስከ 6 ወር ያለ ፈቃዱ ይተኛል። ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ በሽተኞችን እየዞሩ ሲያዩ) የክፍሉን ቁጥር ብቻ ጠርተው ያልፋሉ፤ ካላነበብሽ ወሬው ያመልጥሻል።

አሜሪካ ከሆነ ቪዛው ቢ-1 የሚባለው የጎብኚ ቪዛ ነው። ልምምዱ ያለ ክፍያ፣ በትምህርት ቤትሽ የጸደቀ፣ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታል የሚሰጥ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ስቴፕ 1ን (የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል) ማለፍና የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው፤ ብዙ አመልካች የሚወድቀው ተመልሶ እንደሚመጣ ማሳየት ስላቃተው ነው። የኢንተርንሺፕ ምደባሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘሽ ግቢ።

በጀቱ ጠበብ ካለ የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን ልውውጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ነው፣ ማደሪያም ይሰጣል። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ በሽተኞቹ የሚናገሩት በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቂ። ባንጋሎር ያለው ኒምሃንስም ሆነ ናይሮቢ ያለው ማታሪ ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ብቻ ብለሽ አትዝጊያቸው።

ከሐረር የምትወስጂው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን በደንብ አዘጋጂ። የጫት ተጠቃሚን ታሪክ እንደ እናንተ አካባቢ ተማሪ የሚወስድ የለም። አንድ ኬስ፣ ስምና አድራሻ ሳይኖረው፣ በአምስት ደቂቃ እንዲቀርብ አድርገሽ ጻፊ። በቀን ስንት ዙርባ (እስር)? ኢጀባና (የጠዋቱ መቃም) አለ ወይስ በርጫ (የከሰዓቱ) ብቻ? ድምፅ መስማቱ የጀመረው መጠኑ ከጨመረ በኋላ ነው ወይስ ቀድሞ ነበር? ምርቃናው ሲያልፍ ይጠፋል? ካቆመ በኋላ ዱካክ (ጫት ሲቋረጥ የሚመጣ ቅዠት) ብቻ ነው የቀረው ወይስ ጥርጣሬውም አለ? ጫት ካቆመ አንድ ወር ገደማ አልፎ ሳይኮሲሱ (የሌለ ድምፅ መስማቱና ጥርጣሬው) ከቀጠለ፣ ከጫት ውጭ የሆነ በሽታ መጠርጠር ይገባል። ይህን በእንግሊዝኛ ሳታቋርጪ እስክትናገሪ ድረስ መምህርሽ ፊት ተለማመጂው።

ጫቱን ራሱን ግን እንዳትይዢ፤ ለዘመድ ስጦታ ነው ቢሉሽም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ አሜሪካም በውስጡ ያለው ካቲኖን በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተራ ነው። ሻንጣሽን ራስሽ ሸክፊ።

ለስፔሻላይዜሽን ይጠቅማል ወይ ላልሽው፦ አሜሪካ ለማመልከት ካሰብሽ፣ በቅርብ ያየሽ የሳይካትሪ ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ዋናው ትርፍ ነው። እዚህ ለሚሠለጥን ግን የሚፈለገው የብሔራዊ ፈተና ውጤትና ምደባ ስለሆነ ከዚያ ብዙ አትጠብቂ። ደብዳቤውን ከተመለስሽ በኋላ በኢሜይል አትለምኚ፤ በሦስተኛው ሳምንት፣ ያቀረብሽው ኬስ ከሐኪሙ አእምሮ ሳይወጣ፣ ፊት ለፊት ጠይቂ።