ዝዋይ፦ መጀመሪያ ሐይቁ፣ ወይኑ ከሰዓት በኋላ

እህቴ፣ «ከእናቴ ጋር ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥተን የዝዋይን የወይን እርሻና የቱሉ ጉዶን ገዳም አይተን ማታ እንመለሳለን፤ ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዋዜማውን ባቱ (የዝዋይ ከተማ የአሁን ስሟ ነው) ካደራችሁ ይበቃል። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሞጆው የፍጥነት መንገድም ብዙ አቅልሎታል። ችግሩ ሐይቁ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው እርሻውን ጎብኝቶ፣ ቀምሶ፣ ዓሣውን በልቶ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ፍለጋ ይወጣል። ገዳሙን ሳያዩ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

1. ነፋሱን ቅደሙት። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ሞገዱ አጭር ሆኖ በላይ በላዩ ይመታል፤ ትንሽ ጀልባ ውስጥ ውሃ ይገባል። ነፋሱ የሚበረታው ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተሳፈሩ፣ 5 ሰዓት ላይ ደሴቱን ልቀቁ። ጉዞው እንደ ሞተሩ ጉልበት አንድ ሰዓትም አንድ ሰዓት ተኩልም ይወስዳል።

2. የጀልባውን ዋጋ ዳር ላይ ሳለሽ ጨርሺ። «ስንት ነው?» ብቻ ብለሽ እንዳትሳፈሪ። ደርሶ መልሱ፣ ነዳጁ፣ ነጂው ደሴቱ ላይ የሚጠብቅበት ሰዓት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይቆረጥ። ለመጠበቂያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዢለት። ይህን ያልተነጋገረ ሰው ደሴቱ ላይ ከወረደ በኋላ «የቆይታ ጨምሩ» ይባላል፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ጀልባ የለም። ከውጭ የመጣችሁ መሆኑ ከታወቀ ይብሳል፤ እንግዳን እንዲህ ማስከፈል የሚያሳፍር ነገር ነው። ግማሹን ስትመለሱ ክፈዪ። ላይፍ ጃኬቱን በሰው ልክ ቆጥረሽ፣ የእናትሽን ራስሽ አስረሽ ተነሺ። ዳር ዳሩን እንቦጭ ስለያዘው የሞተሩን ፕሮፔለር ይጠላለፋል፤ ነጂው አቁሞ ሲያጸዳ አትደንግጡ። እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጉማሬም አለ።

3. ገዳሙ። ቱሉ ጉዶ ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ነው፣ ደብረ ጽዮን ማርያምም ከፍ ብላ ከአናቱ ላይ ናት። በትውፊቱ መሠረት በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ተጠልለዋል። የብራና መጻሕፍቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ያለ ቀጠሮ ሄዶ አይሳካለትም፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባት ባቱ ወይም መቂ ወርደው ሊሆን ይችላል። በዋዜማው ባቱ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የደሴቱን አገልጋዮች ስልክ ጠይቁና ደውሉ።

ቀኑንም ምረጪ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ቅዳሴ የሚገባው ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነው፤ እሱን እስክትጨርሱ ነፋሱ ይነሳል። ጿሚ እናት ይዘሽ የወይን ቅምሻም በዚያ ቀን አይሆንም። ኅዳር 21 ክብረ በዓሉ ድንቅ ነው፣ ለንግሥ ከመጣችሁ እሱን ምረጡ፤ መጽሐፍ ለማየት ግን ሕዝቡ ጊዜ አይሰጥም።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ጧፍ፣ ዕጣንና ንጹሕ ዘቢብ ያዙ። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው፣ ዲያቆኑ ዘፍዝፎ ይጨምቀዋል። ዳሩ ላይ ከ100 ሄክታር በላይ የወይን ተክል ካለበት ሐይቅ መሃል ያለ ደሴት ዘቢቡን ከሱቅ ነው የሚያገኘው። ሁለት ኪሎ ዘቢብ ከብር በላይ ደስ ያሰኛቸዋል።

ዳገቱ ለእናትሽ ከባድ ነው፤ ጥላ ትንሽ ነው፣ የሚሸጥ ውሃም አትጠብቁ። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ቱሉ ጉዶን ትተሽ ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን ምረጪ፤ ሁለቱም ትንንሽና ለከተማው የቀረቡ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ከወጣችሁ ግን ሽቅብ ስትሄዱ የዛዮችን የድንጋይ እርከን እዩ። ዛዮች ቋንቋቸው ለስልጥኛና ለሐረሪ የሚቀርብ ሕዝብ ናቸው፣ ዛሬ አብዛኞቹ ወደ ዳር ወጥተዋል። እርከኑ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ተደርድሮ አፈሩን ይዞ ቆሟል። ለእኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ የደሴቱ ትልቁ ቅርስ እሱ ነው።

ወይኑን በተመለከተ፦ የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል የተከለው እርሻ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሽያ የምትሏቸው ናቸው። በር ላይ ሄዶ ልግባ ማለት አይሠራም፣ አስቀድሞ ደውሎ ማስያዝ ግድ ነው፤ ለ8 ሰዓት ያዢው። ስትደውዪ «አሁን ፍሬ አለ ወይስ ተገርዟል (ቅርንጫፉ ተቆርጧል)?» ብለሽ ጠይቂ። እኛ ዘንድ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ ወቅቱን የሚወስነው ግረዛው ነው። ከግረዛ በኋላ የሄደ ሰው የሚያየው ራቁቱን ግንድ ነው። ሲራ፣ ሜርሎና ካቤርኔ የሚባሉት የወይን ዝርያዎች የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆኑ አስጎብኚውን አስጠቁሚ፤ ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ የተቆፈረውን ቦይም እዩት።

ሁለተኛ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ በመጣችሁበት አትመለሱ። የመንገዱን ጸጥታ በዕለቱ ጠይቃችሁ በቡታጅራ በኩል ውጡና ጢያ ቁሙ። 36 ሐውልቶች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ሜዳ ስለሆነ እናትሽ ሳይደክማቸው ያዩታል። አንድ ሰዓት ይበቃችኋል። ከዓለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያምም በዚያው መስመር ናት፣ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ስለምትል ከጢያ የምትነሱት ከ6 ሰዓት በፊት ከሆነ ብቻ ጨምሯት።