ማስካቲን ልሂድ ወይስ ሚኒያፖሊስ ልቆይ?

አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «በዲቪ መጥቼ ሚኒያፖሊስ 3 ዓመት ሆነኝ። መጋዘን እየሠራሁ የማሽን ጥገና ተምሬ ጨርሻለሁ። አሁን አይዋ ውስጥ ማስካቲን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ፋብሪካ በሙያዬ ሊቀጥረኝ ነው። ጓደኞቼ ‹ከበቆሎና ከወንዝ በቀር ምን አላት?› ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ እኔ ሂድ እልሃለሁ። ለምን እንደሆነ የከተማዋ ታሪክ ይነግርሃል።

ማስካቲን ያለችው አንተ በየቀኑ በምታየው በሚሲሲፒ ዳር ነው። ወደ ምዕራብ ሲፈስ የቆየው ወንዝ እዚያ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። የወንዙ ወለል በዛጎል የተሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆን ቦፕል የሚባል ጀርመናዊ ዛጎሉን እየቆረጠ የሸሚዝ ቁልፍ መሥራት ጀመረ። በ1905 ከተማዋ 1.5 ቢሊዮን ቁልፍ አመረተች፤ ዓለም ላይ ከሚሠራው ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ዛጎሉ ከልክ በላይ እየተለቀመ ተመናመነ። ፕላስቲክም መጣ። ሥራው ቀስ በቀስ ሞተ።

ከተማዋ ግን አልሞተችም። ዛሬ የቢሮ ዕቃ ይሠራባታል፣ በቆሎ ወደ ስታርችና አልኮል ይቀየርባታል፣ ኬቻፕ ይመረትባታል። ሕዝቧ 24 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። ዛጎል መቁረጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቁልፉ ሲቀር ሙያውም አብሮት ይቀራል። ማሽን የሚጠግን ሰው ግን አንዱ ፋብሪካ ቢዘጋ ሌላው በር ላይ ይቆማል። አንተ የያዝከው ይሄንን ሙያ ነው።

ጥቁር ሰው እዚያ እንዴት ይኖራል ብለህም ይሆናል። አሌክሳንደር ክላርክን አንብብ። ማስካቲን በ1842 የገባ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ለእንፋሎት ጀልባዎች ማገዶ ይሸጥ ነበር። ልጁ በቀለሟ ምክንያት ከትምህርት ቤት ስትከለከል ከሰሰ፤ በ1868 የአይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ራሱ የሕግ ዲግሪውን የያዘው በ58 ዓመቱ ነው። አንተ ገና ልጅ ነህ።

ብቸኝነቱን ቀላል አድርጌ አላየውም። ሐበሻ የምታገኘው እየነዳህ ይሆናል፤ ያለ መኪና አትሂድ። ቤት ስትከራይ ኮረብታው ላይ ፈልግ፤ ወንዙ ሲሞላ ዳርቻው ይጥለቀለቃል። የከተማዋ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ብትማር ፋብሪካው ይከፍልልህ እንደሆነም ጠይቅ። ፈረቃው የሌሊት ከሆነ ስንት ወር እንደሚቆይ በጽሑፍ ይስጡህ። መልሳቸውን ላክልኝ፤ ከመፈረምህ በፊት አብረን እናየዋለን።