ቅልቅሉን ክሬም ስተወው ፊቴ ይቃጠላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከወለድኩ በኋላ ማድያት ወጣብኝ፤ ፒያሳ ካለ የኮስሞቲክስ ሱቅ በትንሽ ብልቃጥ ቀላቅለው የሰጡኝን ክሬም 8 ወር ሙሉ ማታ ማታ ፊቴንና አንገቴን ስቀባ ቆየሁ። መጀመሪያ ላይ ፊቴ ጥርት አለ። አሁን ሁለት ቀን ከተውኩት ግን ፍም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉር ያወጣል። ብልቃጡ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሻጯ «ፓራቤን የለውም፣ አታስቢ» ብላኛለች። ሜርኩሪ ይኖረው ይሆን? የአንድ ዓመት ተኩል ልጄን አጠባለሁ፤ አብራኝም ነው የምትተኛው።

መልስ፦ ሲቀቡት የሚጠራ፣ ሲተዉት የሚነድ ፊት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሜርኩሪን ሳይሆን ስቴሮይድን፣ ማለትም ብግነት የሚያፍን መድኃኒትን ነው። እንዲህ ባሉ ቅልቅሎች ውስጥ አዘውትሮ ከሚገኙት አንዱ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት የሚባለው ስቴሮይድ ነው። ቲዩቡ ላይ «0.05 በመቶ» ስለሚል ደካማ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ጉልበቱን አይናገርም፦ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ከቀላሎቹ ተርታ ሲመደብ፣ 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ከሁሉም ኃይለኛ በሆኑት ውስጥ ነው። ሐኪም ሲያዘው እንኳ በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ ለፊት ደግሞ ባይታዘዝ ይመረጣል። ፊትና አንገትን አንዴ በደንብ ለመቀባት 1.25 ግራም ያህል ይበቃል። በየማታው ተቀብተው ከሆነ በ8 ወር ወደ 300 ግራም ቆዳዎ ላይ ውሏል ማለት ነው።

ማቃጠሉ የሚመጣው እንዲህ ነው። ስቴሮይድ የቆዳ ደም ስሮችን ያጠብባል፣ ብግነትን አፍኖ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ፊት ገርጥቶና ጠርቶ የሚታየው። ሲቋረጥ የታፈኑት ስሮች በአንዴ ይለጠጣሉ፣ ፊትም ይነዳል። ሰው ይሄኔ «ክሬሙ ተስማምቶኝ ነበር፤ የጎዳኝ መተዌ ነው» ብሎ ይመለስበታል። ሻጩም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ በዚያውም ሁለተኛ ብልቃጥ ይሸጣል።

ቀን ብርሃን ላይ መስታወት ይዘው ጉንጭዎን ይዩት። ቀጫጭን ቀይ ክር የመሰሉ ስሮች፣ ስስ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ቆዳ፣ አዲስ የበቀለ ለስላሳ ፀጉር ካለ፣ ወይም በአፍዎ ዙሪያ ትንንሽ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶ ከንፈሩን የሚያዋስነው ጠባብ መስመር ብቻ ንጹሕ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ታዲያ እንዴት ይተዉት? ቲዩብ ላይ ስሙ የተጻፈ ስቴሮይድ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ወደ ቀላሉ ቀይሮ፣ ቀስ በቀስ እያራራቀ ማስቆም ይችል ነበር። የእርስዎ ግን ምን እንዳለው አይታወቅም፤ ልጅም አለች። ስለዚህ ቅልቅሉን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፣ በዚህ ሳምንትም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ወይም ስቴሮይድ ያልሆነውን ታክሮሊመስ ቅባት ሊያዝልዎ ይችላል። እስከዚያ ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ ሎሚ፣ እርድ፣ ስክራብ የሚባል ነገር አያስጠጉ። መቅላቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊብስ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት፤ ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። የማዞር፣ የማስመለስ፣ አቅም የማጣት ስሜት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በቆዳ በኩል የገባው ስቴሮይድ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች አስንፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ዕጢዎቹ የሚያመነጩትን ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን በሚለካ የጠዋት የደም ምርመራ ይታያል።

ሜርኩሪም የለበትም ማለት አይቻልም፤ አንድ ቅልቅል ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። በማየትና በማሽተት ግን አይለይም። በታሸጉት ክሬሞች ላይ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩረስ ክሎራይድ»፣ «ሜርኩሪክ አዮዳይድ» የሚሉ ስሞችን ይፈልጉ። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይንካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ሳይጠብቁ ይተዉት፤ ሜርኩሪ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ስለሚዋሃድ ነው እንዲህ የሚጻፈው። ሚናማታ በተባለው ሜርኩሪን በሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለው ኮስሞቲክስ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ተወስኖ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ያቺ 1 ፒፒኤም እንኳ እንድትቀር አገሮች ተስማምተዋል።

ሜርኩሪ ፊት ላይ አይቀርም፣ ኩላሊት ይገባል። ምልክቱ አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ሽንት፣ ጠዋት ጠዋት የዓይን ቆብና የእግር ማበጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። በሽንት ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ የሚለካ ምርመራ በየላቦራቶሪው አይገኝም፤ የሽንት ፕሮቲን፣ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የደም ግፊት ምርመራ ግን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይጠይቁ። የልጅዎ ነገር የሚያሳስበኝም በዚህ በኩል ነው። ሜርኩሪ ከቆዳና ከትራስ ልብስ ላይ እየተነነ ይተነፈሳል፣ በእጅም ወደ አፍ ይገባል፣ በጡት ወተትም ያልፋል። ጡት ማጥባትዎን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪሙ ይንገሩት። የትራስ ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ ለብቻ ይጠቡ። ልጅቷ እጅና እግሯ ቀልቶ ከተላጠ፣ ያለወትሮዋ ከተነጫነጨች ወይም መብላት ካቆመች ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዷት። ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልለው ለሐኪሙ ይዘውለት ይሂዱ እንጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት፣ መታጠቢያ ላይም አይድፉት።

በእንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ የሚያስጠረጥረው ሦስተኛው ነገር ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን ነው። በ2 ወይም 4 በመቶ፣ በሐኪም ክትትል፣ ለጥቂት ወራት ሲሆን ማድያትን ይረዳል። ያለልክ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ጉንጭ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የመሰለ ጥላሸት ያወጣል፤ ያ ከራሱ ከማድያቱ በላይ ለማከም ያስቸግራል። ሰው ጥቁረቱን ሲያይ ክሬሙን ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ ያብሰዋል።

ፓራቤን ስላሉት፦ ክሬም እንዳይሻግት በጥቂቱ የሚጨመር መከላከያ ነው፤ በተፈቀደው መጠን እስካለ ድረስ እኔን ከሚያሳስቡኝ ነገሮች ዝርዝር ታች ነው። «ፓራቤን የለውም» ማለት ክሎቤታሶል የለውም ማለት አይደለም። ይልቅ ፀጉርዎን ኬራቲን የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዳንዱ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ መስኮት ያስከፍቱ፤ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው ይነሱና ይውጡ። ለልጅቷም ምንነቱ ያልታወቀ ኩል አይኳሏት፤ አንዳንዱ ኩል ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) አለበት።

ለማድያቱ ዋናው መድኃኒት ፀሐይን መከላከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ደመና ባለበት ቀን እንኳ ጨረሩ ቀላል አይደለም። መቅላቱ ከበረደ በኋላ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥተው ፊትና አንገትዎን ይቀቡ፤ ደጅ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት። የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ቢሆን ለማድያት ይበልጣል፤ ተራው ሰንስክሪን የማይከለክለውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንሳል። ቆይቶ ሐኪምዎ አዜላይክ አሲድ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ለምታጠባ እናት ከሚመረጡት ነው።

ለቆዳ ሕክምና ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ስም የለሽ ክሬም የሚሸጥበትን ቦታ ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ።