«ለጊዜው» ብለሽ አታስቀምጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስት ወር በኋላ ጠቅልለሽ ውጭ አገር ልትሄጂ ነው። 400 የሚሆኑ መጻሕፍት አሉሽ። የሟች አባትሽ ራዲዮ፣ እናትሽ የሰጡሽ የስፌት መኪና፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶና ደብዳቤም አለ። «አንዱን አንስቼ ልለየው ስል ሆዴ ይባባል፣ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ» ብለሻል። እኔም እንደዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ አገር ቀይሬያለሁ። በመጀመሪያው ክፉኛ ተሳስቻለሁ፣ በሁለተኛው ትንሽ ተሽሎኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ አትቀየሚኝ።

ከስህተቱ ልጀምር። ያኔ መወሰን ሲያቅተኝ ስድስት ካርቶን ሞልቼ አክስቴ ቤት አስቀመጥኩ። «ለጊዜው ነው፣ ዓመት ሳይሞላ መጥቼ እወስደዋለሁ» አልኳት። አራት ዓመት ቆየሁ። እሷ በመሀሉ ሁለት ጊዜ ቤት ቀየረች። ሁለቱንም ጊዜ ከራሷ ዕቃ አስቀድማ የእኔን ካርቶኖች አስጫነች። የመጨረሻው ቤት ዕቃ ማስቀመጫው እርጥበት ነበረው። ስመለስ ሦስቱ ካርቶኖች ሻግተዋል፣ ብልም ገብቶባቸዋል። የትም የሚገኙ ልብ ወለዶች ቢበላሹ ግድ አልነበረኝም። ግን በዚያው ካርቶን ውስጥ አያቴ የልጆቹን የልደት ቀን በእጁ የጻፈበት ደብተር ነበር። ሳልለይ ነዋ የከተትኩት! ገጾቹ ተጣብቀው ሊላቀቁ አልቻሉም። አክስቴ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገቷን ደፋች። አደራ ከባድ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እሷ ላይ ስጭነው ግን ትዝ አላለኝም።

ስለዚህ ውሰጂ፣ ስጪ፣ ሽጪ፣ ከሆነም ጣይ። «ለጊዜው ይቀመጥልኝ» የሚለውን ግን ተዪው። የግድ ከሆነ አንድ ካርቶን ብቻ ይሁን። ላዩ ላይም ቀን ቁረጪና «እስከዚህ ቀን ካልመጣሁ የፈለጋችሁትን አድርጉበት» ብለሽ ጻፊ።

ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። ከሁሉ በፊት መዝኛቸው። የቤት ሚዛን ይበቃል፤ ካርቶኑን ታቅፈሽ ሚዛኑ ላይ ውጪና የራስሽን ኪሎ ቀንሺ። ስስ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ግራም ነው። ደረቅ ሽፋን ያለው አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በአማካይ 400 ግራም ብንል 400 መጽሐፍ 160 ኪሎ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ሰባት ሻንጣ ማለት ነው፣ ያውም አንዲት ካልሲ ሳትጨምሪ። እኔ ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ነው ወር ሙሉ ስብሰለሰል የከረምኩት። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ «የቱን ልተው?» ማለቱን ትቼ «ለሠላሳ ብቻ ቦታ አለኝ፣ የትኞቹ ይሁኑ?» ማለት ጀመርኩ። ሠላሳ መምረጥ 370 ከመሰናበት በጣም ይቀላል።

በጭነት እልካለሁ ካልሽ መጽሐፍ በባሕር ይሻለዋል። በአየር ሲሆን የምትከፍዪው በኪሎ ነው። በባሕር ኮንቴይነር ከሌሎች ጋር ተጋርተሽ ስትልኪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በሜትር ኩብ ነው። መጽሐፍ ደግሞ ይክበድ እንጂ ብዙ ቦታ አይፈጅም። ያንቺ 400 መጽሐፍ ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ችግሩ ብዙ አስተላላፊዎች ከዚህ በታች አናስከፍልም የሚሉት መነሻ አላቸው። ግማሽ ልከሽ የአንድ ሙሉ ልትከፍዪ ትችያለሽ። መድረሻ ወደብ ላይ የሚጨመረውንም ክፍያ ከመስማማትሽ በፊት በጽሑፍ እንዲነግሩሽ አድርጊ። ለእኔ የተነገረኝ ዋጋ ለካ እስከ ወደቡ ብቻ ነበር። ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ፖስታ ቤቶች ኤም ባግ የሚባል አገልግሎት ይሰጣሉ። ለአንድ ተቀባይ የሚላክ፣ እስከ 30 ኪሎ የታተመ ጽሑፍ የሚይዝ ከረጢት ነው። ሁሉም ዘንድ ስለሌለ ቀድመሽ ጠይቂ። ካርቶኖችሽ ትንንሽ ይሁኑ፣ ከ15 ኪሎ ብዙም አትለፊ። ትልቅ ካርቶን መጽሐፍ ሞልተሽ ስታነሺው ታቹ ተቀዶ እግርሽ ላይ ይዘረገፋል።

መምረጡ ላይ ለእኔ የሠራው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን መጽሐፍ ማተሚያ ቤት መልሶ ሊሰጠኝ ይችላል? ዛሬም እየታተመ የሚሸጥ ከሆነ፣ ወይም በስልክ የሚነበብ ቅጂ ካለው፣ የቱንም ያህል ብወደው ሰጠሁት። ትንሽ ታትመው የጠፉትን ያዝኩ። የሰው የእጅ ጽሑፍ ያለባቸውን ያዝኩ። ታላቅ ወንድሜ ተማሪ እያለ በእርሳስ ከደራሲው ጋር የተጨቃጨቀበት የታሪክ መጽሐፍ አለኝ። ሽፋኑ ወልቋል፣ ማንም አይገዛውም። እሱን ለማምጣት ግን ሁለት አዳዲስ ጫማ ትቻለሁ።

በራስሽ ቋንቋ የተጻፉትን ስትለዪ ደግሞ አትቸኩዪ። ከሰጠኋቸው ሁሉ የቆጩኝ የልጆች መጻሕፍት ብቻ ናቸው። «ልጅ የለኝ፣ ምን ያደርጉልኛል» ብዬ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠሁ። ልጄ ስትወለድ እነዚያኑ መጻሕፍት ለማግኘት የማላውቀውን መንገደኛ ሁሉ እየለመንኩ ኖርኩ። ቀጫጭን ናቸው፣ አይከብዱም። ያዢያቸው።

ለመስጠት በጣም የሚያስቸግሩሽ ያላነበብሻቸው ይሆናሉ። ያነበብሽውማ አንዴ ውስጥሽ ገብቷል። እኔ ሒሳብ ራሴን አስተምራለሁ ብዬ የገዛኋቸው አራት ወፋፍራም መጻሕፍት ነበሩኝ። ለስምንት ዓመት አንዱንም ከመግቢያው አላሳለፍኩትም። እነሱን ስሰጥ አንድ ጎበዝ ተማሪን፣ ልሆን ያሰብኩትን ሰውዬ፣ የምሸኝ መሰለኝ። ተማሪው ቀድሞ ከሄደ ቆይቷል ለነገሩ። የወሰደችው ልጅ ግን በሳምንቱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ደርሻለሁ ብላ ጻፈችልኝ። ቀናሁ፣ አልዋሽሽም።

አሰጣጡ ላይ፣ ሰው ፈልጊላቸው። ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፣ ግን ሳትደውዪ ካርቶን አስጭነሽ አትሂጂ። ያገለገለ መጽሐፍ የማይቀበሉ አሉ፣ ተቀብለው የሚሸጡም አሉ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወዳጆቼን ጠራሁና መደርደሪያውን ከፈትኩላቸው። አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ «አደራ የለበትም። አትመልሱልኝም፣ ካልወደዳችሁት ለሌላ ስጡት።» ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የታየው እፎይታ አይረሳኝም። ከዚያ በፊት የምሰጠውን ሁሉ እንደ ጠባቂ ነበር የሚቀበሉኝ።

አንድ ቅሌቴን ግን ልጨምርልሽ። አንዲት ጓደኛዬ ያነሳችው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ለእኔ የተጻፈ የስጦታ ቃል ነበረው። ከእጇ ተቀብዬ ገጹን ገነጠልኩት። ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስካሁን ያሳፍረኛል። ወይ ፎቶ አንሺው፣ ወይ መጽሐፉን ያዢው።

የምትሸጪው ካለሽ ሲረክስብሽ አትናደጂ። እ.ኤ.አ. በ1990 ካነማን፣ ኔትሽና ታለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጧቸውና ስንት ትሸጡታላችሁ አሏቸው። ኩባያ ያልደረሳቸውን ደግሞ ስንት ትገዙታላችሁ ብለው ጠየቁ። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ካሉት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ኩባያው በእጃቸው የቆየው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ነው። አንቺ መጻሕፍቱን ስንት ዓመት ይዘሻቸዋል? መጽሐፍ ነጋዴው ያለኝን ስሰማ የሰደበኝ ነበር የመሰለኝ። ሰውየው ግን የወረቀቱን ዋጋ ነው የነገረኝ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት መደርደሪያውን እንዳለ ፎቶ አንሺው፣ የመጻሕፍቱ ጀርባ ጎልቶ እንዲነበብ አድርገሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ አንስተው እንዲሰጡ የተነገራቸው ተማሪዎች እንዲሁ ስጡ ከተባሉት ይልቅ ብዙ ዕቃ እንደሰጡ አሳይቷል። በእኔም ሠርቷል። ያን ፎቶ ዛሬም አልፎ አልፎ አየዋለሁ። አንድ ርዕስ ትዝ ሲለኝም የት ረድፍ ላይ እንደነበረ አገኘዋለሁ።

ራዲዮውን በተመለከተ፣ ጀርባው ላይ ያለውን የቮልት ቁጥር እዪ። አገሮች ወይ ከ100 እስከ 127 ቮልት፣ ወይ ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው የሚጠቀሙት። ካልገጠመ መቀየሪያ ትገዣለሽ። ግን እውነት ልትሰሚበት ነው? ካልሆነ አባትሽን የሚያስታውስ ሰው ዘንድ ይሂድ፣ ለጌጥ ከሚቀመጥ እየተከፈተ ቢሰማ ይሻላል። የስፌት መኪናውን ደግሞ እናትሽ አንድ ልብስ እየሰፉበት ድምፁን በስልክ ቅጂው። መኪናውም ከእሳቸው ጋር እንዲቆይ ጠይቂያቸው። የሰጡት ዕቃ ሲመለስ ላያስደስታቸው ይችላል፣ አጠያየቁን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጉምሩክም አለ። ብዙ አገሮች ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃን ከቀረጥ ነፃ ያስገባሉ፣ ግን ዝርዝር ይፈልጋሉ። ካርቶኑን ስትሞዪ በዚያው እየጻፍሽ ሂጂ። የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የአንዳንድ አውሬ ቆዳ ያለበት ዕቃ ካለሽ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሳይቲስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት የተነሳ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ያረጀ የብራና መጽሐፍ ካለሽ ደግሞ እንደ ቅርስ ስለሚቆጠር ለመውጣት ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። አንድ ቀን ቀድመሽ ሳይሆን አሁኑኑ ጠይቂ።

ጊዜሽን እንዲህ ያዢው፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ለሰዎችሽና ለወረቀት ጉዳይ ይሂዱ። ዕቃው ከዚያ በፊት ያልቅ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ የመጨረሻዋ ሌሊት ላይ በጥቁር ፌስታል እየሞላሁ የጣልኩትን እስካሁን አላውቀውም።

የፎቶና የደብዳቤውን ካርቶን ለመጨረሻ አቆየሁት፣ ምክንያቱም ለእሱ አትፍሪ። እኔ ድግግሞሹንና የደበዘዘውን ስለይ ሦስት ኪሎ ብቻ ቀረኝ። ከአንቺም ጋር በእጅ ሻንጣ ይሄዳል። ቢጠፋ ብለሽ ስካን አድርጊው፤ ለደብዳቤ 300 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ለፎቶ 600 አድርጊው፣ ጀርባውንም አትርሺ። ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይና አንድ በአንድ አሳዪአቸው። ማን ማን እንደሆነ ሲነግሩሽ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ላይ ጻፊ፣ ሳትጫኚ። እኔ ዘንድ ሰባት ሰዎች ተሰልፈው የተነሱት አንድ ፎቶ አለ። አምስቱን አውቃቸዋለሁ። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አሁን በሕይወት የለም።