የልብ ደም ስርን የዘጋ የረጋ ደም፦ ከሰዓት ወደ ሰዓት ምን ይሆናል? (ጥያቄና መልስ)

ዶክተሩ፦ እሺ፣ ጀመርን። ሃርት አታክ ሲመጣ የልብን ደም ስር ስለሚዘጋው የረጋ ደም ጠይቁኝ። ግን አሁን ደረቱን እየጨመቀው ያለ ሰው ካለ እዚህ አይጻፍ፤ አምቡላንስ ይጥራ።

ናኒ፦ የረጋው ደም እንደተፈጠረ ነው የሚቆየው ወይስ ይለወጣል?

ዶክተሩ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! በደንብ ይለወጣል። መጀመሪያ የደም ስሩ ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው ስብ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ሽፋኑ ብቻ ይላጣል። ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ትንንሽ የደም ሴሎች፣ ቁስሉ ላይ ተጣብቀው ይከመራሉ። በዚህ ጊዜ የረጋው ደም ነጣ ያለና ልል ነው። ከዚያ ፋይብሪን የሚባለው የፕሮቲን ክር እንደ መረብ ይደራል፤ ቀይ የደም ሴሎችም ይያዙበታል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የፕሌትሌቱ ድርሻ ይቀንሳል፣ የፋይብሪኑ ይጨምራል። ፋክተር 13 የሚባለው የደም ፕሮቲን ክሮቹን እርስ በርስ ይቆልፋቸዋል። ፕሌትሌቶቹም መረቡን ስበው ያጠብቁታል። ቀናት ካለፉ ደግሞ የግድግዳው ሴሎች ወደ ውስጥ እያደጉ ወደ ጠባሳነት ይወስዱታል።

አቤል፦ ታዲያ የሚያሟሟው መድኃኒት ላይ ይሄ ምን ለውጥ አለው?

ዶክተሩ፦ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። እንደ ቴኔክቴፕላስ ያሉት መድኃኒቶች ፋይብሪኑን ነው የሚያስቆርጡት። መረቡ ገና ልል ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሰዓታት፣ ጥሩ ይሠራሉ። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው በኋላ በአብዛኛው አይሰጡም። ባሉን (ደም ስር ውስጥ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ) እና ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ግን በጉልበት ስለሚከፍቱ የረጋው ደም ዕድሜ ያን ያህል አያግዳቸውም። የልብ ጡንቻው ግን እየሞተ ነው፤ እሱ አይጠብቅም።

ቢኒ፦ አስፕሪንም ያሟሟል አይደል?

ዶክተሩ፦ አያሟሟም። ፕሌትሌቶች ተጨማሪ እንዳይከመሩ ነው የሚያደርገው። ቀላል ነገር ግን አይደለም፤ በ1988 በወጣ፣ ከ17,000 በላይ ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት በ5 ሳምንት ውስጥ ሞትን በ23 በመቶ ቀንሷል።

ቢኒ፦ በቃ፣ እኔ በየቀኑ እወስዳለሁ። ሐኪም አላማከርኩም።

ሶል፦ ጨጓራህን ጨርሰህ ትመጣለህ።

ቢኒ፦ አንተ ሐኪም ነህ እንዴ?

ሶል፦ አይደለሁም። ጨጓራዬ ግን ደምቶ ያውቃል።

ዶክተሩ፦ ኧረ ተዉ! ሶል ልክ ነው። ቢኒ፣ ሐኪምህን ጠይቅ። ወደ ርዕሳችን።

ሄለን፦ ሕመሙ በጀመረበት ሰዓት ነው ደሙ የረጋው?

ዶክተሩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሕመማቸው በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ከመጡ ሰዎች ተመጥጦ የወጣ የረጋ ደም ሲመረመር፣ ግማሽ ያህሉ ውስጥ የቀናት ወይም የሳምንታት ዕድሜ ያለው ክፍል ተገኝቷል። ማለት ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ሲዘዋወር ነገሩ ንብርብር እየሠራ ነበር። ትንሽ ይረጋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይረጋል። ሕመሙ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጨርሶ ሲዘጋ ነው።

አቤል፦ ታዲያ ለምን የሁሉንም ሰው የረጋ ደም መጥጠው አያወጡትም?

ዶክተሩ፦ ተሞክሯል። በ2013 እና በ2015 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ለሁሉም ሰው ማድረጉ ሞትን እንደማይቀንስ አሳዩ። በሁለተኛው ስትሮክም ጨመረ። አሁን እንደ ወትሮ ሥራ አይደረግም።

ሮቤል፦ በራሱ አይሟሟም?

ዶክተሩ፦ አንዳንዴ። በ1980 በወጣ ጥናት ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት የልብ ደም ስራቸው ከታየ ሕሙማን 87 በመቶው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶባቸው ነበር። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ከታዩት ግን 65 በመቶው። በዚህ ተስፋ አድርጎ ቤት መቀመጥ ግን ቁማር ነው።

ዳኒ፦ ደሙ ሲቆይ ይለወጣል ወይ?

ዶክተሩ፦ ዳኒ፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሚሚ፦ ልብ በአጠቃላይ እንዴት ይጠበቃል?

ዶክተሩ፦ ይሄ የአንድ ወር ጥያቄ ነው። ሲጋራ አታጭሺ። ቀጣይ።

ፍሬ፦ ዶክተር፣ አባቴ ከሌሊት ጀምሮ ደረቱን ይዞ ያልበዋል። ትንሽ ልተኛበት እያለ ነው፣ ስንት ሰዓት ብንጠብቅ...

ዶክተሩ፦ አትጠብቁ! ፍሬ፣ አትመልሺልኝ። አምቡላንስ ጥሪ፣ አሁኑኑ።